ሦስት ገመዶችና አንድ ረጅም ዛፍ፦ ለዛፍ ላይ ሥራ የሚሆን የመውጫ ገመድ አመራረጥ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ሦስት አባላት ያሉት አንድ የዛፍ እንክብካቤ ቡድን የተጎዳ የመውጫ ገመዱን በአዲስ ለመተካት ያደረገውን ምርጫ ይተርካል። ከሦስቱ ሁለቱ የዘወትር ሥራቸው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ መቁረጥ ሲሆን፣ እኔ አልፎ አልፎ ከመውጣቴ በቀር መሬት ላይ ሆኜ ገመድ የምይዝ፣ የመሣሪያዎቹን ምርመራና መዝገብም የምከታተል ነበርኩ። ጉዳዩን በጽሑፍ እንዳሰፍር ያነሣሣኝ ምርጫው ሲጀመር ሁላችንም የተከራከርንበት ጥያቄ፣ ማለትም «ይህ ገመድ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ነው የሚበጠሰው?» የሚለው፣ ውሳኔው ላይ ስንደርስ ምንም ሚና ሳይኖረው መቅረቱ ነው። የወሰነልን መጀመሪያ ላይ ማናችንም ከገመድ ጋር ያላያያዝነው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ እሱም ዛፍ ላይ የተጎዳን ሰው እንዴት እናወርደዋለን የሚለው ነው።

የአሮጌው ገመድ ፍጻሜ

ነባሩ ገመዳችን 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 45 ሜትር ርዝመት ነበረው፤ የውጭ ልባሱም ከ16 የፖሊስተር ክር ዘለላዎች የተጎነጎነ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መልስ እንደ ልማዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ እጄ እያሳለፍኩ ስዳብሰው፣ ከአንደኛው ጫፍ 19 ሜትር ገደማ ላይ አንድ ሸካራ ነገር ጣቴን ያዘው። ጠጋ ብዬ ስመለከት ሁለት ዘለላዎች ሙሉ በሙሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ ግማሹ ተቆርጠው አገኘኋቸው። ቁርጡ ጥርት ያለ ስለነበር መንሥኤውን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገም፤ የእጅ መጋዝ ነው። የላላ ገመድ መጋዝ ሲነካው ሸሸት ይላል፤ ሰው ተሸክሞ የተወጠረ ገመድ ግን መሸሻ ስለሌለው ለቅጽበት በተነካበት ሁሉ ይቆረጣል። በዕለቱ የወጣው ባልደረባችን መጋዙ ገመዱን መንካቱን እንኳ አላስተዋለም ነበር።

በእንዲህ ዓይነቱ ባለ 16 ዘለላ ገመድ አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው ልባሱ ነው፤ በመካከሉ ያለው ቀጭን ልብ በአመዛኙ ገመዱ ክብ ቅርጹን እንዳያጣ የሚያግዝ መሙያ ነው። ስለዚህ ልባሱ ላይ የደረሰ ጉዳት በቀጥታ ጉልበቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ነገሩ እንደ ጉድለት ቢታይም መልካም ጎን አለው፤ ተሸካሚው ክፍል ከዓይንና ከእጅ አይሰወርም። ክብደቱን ልቡ በሚሸከምበት ገመድ ልባሱ ደህና መስሎ ውስጡ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መርማሪው ገመዱን ክንድ በክንድ እያጠፈ የሳሳ፣ የተጨፈለቀ ወይም አለቅጥ የደረቀ ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።

አንጋፋው ባልደረባችን የተጎዳውን ቦታ ከግራና ከቀኝ ሰፋ አድርገን ቆርጠን፣ 25 ሜትር የሚሆነውን ረጅሙን ክፍል ለአጫጭር ዛፎች እንድናስቀረው ሐሳብ አቀረቡ። ክፍሉን በድጋሚ መርምሬ ጤናማ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ተስማማን። ይሁን እንጂ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚጠብቀን ሥራ የአጫጭር ዛፎች ሥራ አልነበረም፤ በአንድ ረድፍ የተተከሉ ያረጁ ዛፎችን የደረቀ ቅርንጫፍ ማጽዳት ነበር። ከእነርሱም በረጅሙ ላይ ሰው ሊያንጠለጥል የሚችለው አስተማማኝ ባላ የሚገኘው 22 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ድርብና ነጠላ

ገመዱን መለወጥ የግድ ከሆነ የአወጣጥ ዘዴያችንንም አብረን እንለውጥ የሚለው ሐሳብ የወጣቱ ባልደረባችን ነበር። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የምንወጣው በድርብ ገመድ ነው፤ ገመዱ በባላው ላይ አልፎ ሁለቱም ወገኖቹ ወደ ወጪው፣ ማለትም ዛፍ ላይ ወደሚወጣው ሰው፣ መታጠቂያ ይመለሳሉ፤ ወጪው በወጣና በወረደ ቁጥርም ገመዱ በባላው ላይ ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱ ወገን የክብደቱን ግማሽ ብቻ ይሸከማል፤ በአንጻሩ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት ሁለት ሜትር ገመድ መሳብ ያስፈልጋል። ሃያ ሜትርን በዚህ መንገድ መውጣት ክንድ ያዝላል። በነጠላው ዘዴ ግን ገመዱ ባለበት ይቆማል፤ ወጪው በእግሩ እየገፋ ራሱን በገመዱ ላይ ያሳልፋል፤ ትልቁ የእግር ጡንቻ ሥራውን ስለሚረከብ ከድካሙ ብዙው ይቀራል።

ነጠላው ገመድ የሚታሰርበት ቦታ ሁለት ዓይነት ነው፤ እዚያው ባላው ላይ፣ ወይም በባላው ላይ አልፎ በሌላው በኩል ወርዶ ከግንዱ ሥር። አንጋፋው ባልደረባችን ከግንዱ ሥር ካልሆነ አይሆንም አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ለዘወትር የሚወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ላይ ሳለ ራሱን ቢስት ወይም ክፉኛ ቢቆስል፣ ሌላው ወጥቶ እስኪደርስበት መጠበቅ ሳያስፈልግ መሬት ላይ ያለው ሰው ከግንዱ ሥር በታሰረው ማውረጃ ብረት ገመዱን እየለቀቀ ሊያወርደው ይገባል። ወጣቱ «ጋሼ፣ በግንዱ ዙሪያ በአጭር መያዣው ታስሮ እየሠራ ከሆነስ ምን ይውጠዋል?» ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም በዚያ ሁኔታ ከታች መልቀቁ ብቻውን እንደማያወርደው አምነው፣ የቀሩትን ብዙ ሁኔታዎች ግን ይሸፍናል ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከግንዱ ሥር ማሰር የሚለው በዚህ ጸደቀ፤ በገመዱ ምርጫ ላይ ያለውን ውጤት ግን በዚያን ሰዓት ያሰበ አልነበረም።

የቀረቡት ሦስት ገመዶች

ወጣቱ ያቀረበው 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ ልቡም ልባሱም ናይለን የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ለነፍስ አድን ሥራ የሚውል ገመድ ነው። መለያው ላይ የመበጠሻ ጉልበቱ 30 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከሦስት ሺህ ኪሎ ክብደት በላይ እንደሆነ ተጽፏል። አንጋፋው የለመዱትን ባለ 16 ዘለላ 12.7 ሚሊ ሜትር ገመድ ደግመን እንድንገዛ ፈለጉ። እኔ ደግሞ በመካከል ያለውን፣ ልባሱ ከ24 የፖሊስተር ዘለላዎች የተጎነጎነ፣ ልቡ ናይለን የሆነና 11.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ናሙና አመጣሁ። የተራራ ወጪዎች ተለጣጭ ገመድ ገና ከመነሻው አልቀረበም፤ የዚያ ገመድ ተግባር የወደቀን ሰው ተለጥጦ መያዝ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ለሚሠራ ሰው ወንበሩ ላስቲክ እንደማለት ነው።

በመጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ጉልበት ነው፤ የተዘጋውም ቶሎ ነው። ከነመሣሪያው 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገመዱ ላይ የሚያሳርፈው ከአንድ ኪሎ ኒውተን ያነሰ ነው። ቋጠሮ የገመዱን ጉልበት ከአምስት አንድ እስከ ከአምስት ሁለት እጅ ሊቀንስ እንደሚችል ብንወስድ እንኳ፣ የናይለኑ ገመድ 18 ኪሎ ኒውተን ይቀረዋል፤ ይህም የሰውየው ክብደት ሃያ እጥፍ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 1891 መመዘኛ በምድብ ሀ ከሚያስገባቸው አነስተኛ ተለጣጭ ገመዶች የሚጠይቀው ያለ ቋጠሮ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ጫፉ ተቋጥሮ ደግሞ 15 ኪሎ ኒውተን ለሦስት ደቂቃ መሸከምን ነው። የአሜሪካው አንሲ ዜድ133 ደግሞ ለዛፍ መውጫ ገመድ ሲገዛ ቢያንስ 24 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይፈልጋል። ሦስቱም ገመዶች ከሁለቱ መመዘኛዎች ቢያንስ አንዱን ያሟላሉ። ሥራችን ላይ ገመድን ለአደጋ የሚያጋልጡት መጋዝ፣ ሙቀት፣ መፋቅና የገመዱ ማለቅ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል መለያው ላይ በኪሎ ኒውተን የተጻፈ የለም።

የመለጠጥ ስሌት

ውይይቱ አቅጣጫውን የለወጠው ናሙናዎቹን ሰቅለን በሞከርንበት ዕለት ነው። ወጣቱ በናይለኑ ገመድ ላይ፣ ከግንዱ ሥር ታስሮ ሳለ፣ ሊነሣ ሲሞክር ከመሬት ለመላቀቅ ገመዱን ደጋግሞ መሳብ አስፈለገው፤ ከወጣም በኋላ በእያንዳንዱ የእግር ግፊት ሽቅብና ቁልቁል ይዋልል ነበር። እኛ ለዓመታት በድርብ ስንወጣ መለጠጥ የሚባል ነገር ችግር ሆኖብን አያውቅም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በቀጥታ ገመዱ ላይ ጣልነው። ማምሻውን ወረቀት ላይ ሳሰላው ግን ግማሹ ጥፋት የአስተሳሰራችን ሆኖ አገኘሁት።

በኢኤን 1891 መሠረት መለጠጥ የሚለካው ጭነቱ ከ50 ወደ 150 ኪሎ ሲያድግ ገመዱ በሚጨምረው ርዝመት ነው፤ ከመቶ 5 መብለጥ የለበትም። የናይለኑ ገመድ መለያ 4 ከመቶ ይላል። መለጠጡ ከጭነቱ ጋር በእኩል መጠን ያድጋል ብለን በግርድፉ ብንወስድ፣ 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3.6 ከመቶ ይሆናል። ከግንዱ ሥር በታሰረው ነጠላ ገመድ መሬት ላይ የቆመ ሰው ክብደቱን ሲያሳርፍ የሚወጠረው ገመድ 22 ሜትር ወደ ላይ፣ 22 ሜትር ወደ ታች፣ በድምሩ 44 ሜትር ነው፤ መለጠጡም 1.6 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያው ገመድ በድርብ ቢሠራበት ግን እያንዳንዱ 22 ሜትር ወገን 45 ኪሎ ብቻ ስለሚሸከም መለጠጡ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ አራት እጥፍ መሆኑ ነው፤ ገመዱ ሳይለወጥ። የባላው ቅርፊት በሰበቃው ከጭነቱ የተወሰነውን ስለሚይዝ እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ዛፉ ላይ ከተሰማን ጋር ይገጥማል።

ከዚህ የባሰው ከወጡ በኋላ ያለው ነው። ወጪው ከባላው በታች ሦስት ሜትር ላይ ሆኖ ሲሠራ በድርቡ ዘዴ ከእርሱ በላይ ያለው ገመድ ሦስት ሜትር ብቻ ስለሆነ መለጠጡ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግሩ ስር ያለው ቅርንጫፍ እንኳ ከዚያ በላይ ይርገበገባል። ባላው ላይ በታሰረ ነጠላ ገመድ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከግንዱ ሥር በታሰረው ግን በጀርባ በኩል የወረደው 22 ሜትር ሁልጊዜ አብሮ ስለሚቆጠር 25 ሜትር ገመድ ይለጠጣል፤ ይኸውም 90 ሳንቲ ሜትር ነው። በሞተር መጋዝ የሚቆርጥ ሰው ከሚቆርጠው ቅርንጫፍ አንጻር እንዲህ ሊዋልል አይገባም፤ በአጭር መያዣው ሁለተኛ ቦታ ላይ መታሰሩ የግድ ቢሆንም እንኳ።

እዚህ ላይ ምርጫችን ሁለት ነበር፤ ገመዱን ባላው ላይ ማሰር ወይም በጣም አነስተኛ ተለጣጭ የሆነ ገመድ መግዛት። የመጀመሪያው ከታች የማውረዱን ዕድል ስለሚያሳጣን አንጋፋው አልተቀበሉትም፤ እኔም ከሳቸው ጋር ነበርኩ። በዚህም ምክንያት ገመዱን የወሰነልን የማውረዱ ዕቅድ ሆነ ማለት ይቻላል። ባለ 24 ዘለላው ገመድ መለያ 2.4 ከመቶ ስለሚል በዚያው ስሌት ሦስት ሜትር ከባላው በታች የሚሆነው መለጠጥ ወደ 54 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ጠፋ አይባልም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወጪዎች ከሞከሩት በኋላ ይሠራበታል አሉ።

ወጣቱ በናይለኑ ላይ የነበረውን ክርክር በቀላሉ አልተወም፤ ገመዱ ላልቶ ሳለ ሰው ቢንሸራተት ናይለን ምቱን ያለዝባል አለ። እውነት አለው። ይሁን እንጂ ኢኤን 1891 በምድብ ሀ ያለ ማንኛውም ገመድ፣ 100 ኪሎ ክብደት ከገመዱ ርዝመት ከመቶ 30 የሚሆነውን ያህል ሲወድቅበት የሚያደርሰው ምት ከ6 ኪሎ ኒውተን እንዳይበልጥ ያስገድዳል፤ የኔው ናሙና ደግሞ ይህን ፈተና ያለፈ ምልክት አለው። ከዚህም ሌላ ዛፍ ላይ ገመድ ሳያላሉ መሥራት የወጪው ግዴታ ነው።

መለጠጥን ትተን ሌላም የገባን ነገር አለ። ከግንዱ ሥር በታሰረ ገመድ ባላው ላይ የሚያርፈው ጭነት የወጪው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች ወደ ታች ስለሚስቡ እስከ እጥፉ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መውጣት በፊት ሁለት ሰዎች በገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ባላውን መፈተን ደንባችን ሆነ።

የሚነክሰው ቋጠሮ

ገመድ ብቻውን አይመረጥም፤ ከሚይዘው ነገር ጋር ይመረጣል። ወጪውን ገመዱ ላይ የሚያቆመው በዋናው ገመድ ላይ የሚጠመጠም ቀጭን ገመድ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፤ ክብደት ሲነሣለት ይንሸራተታል። ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካስተዋወቀው፣ በስሙም ከሚጠራው ቋጠሮ ወዲህ ብዙ ዓይነቶች ተፈጥረዋል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። ቀጭኑ ገመድ ከዋናው በጉልህ ካልቀጠነ በደንብ አይነክስም። እኛ የነበረን መጠምጠሚያ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአሮጌው 12.7 ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ እንከን አልነበረበትም። በ11 ሚሊ ሜትሩ ላይ ስንሞክረው ከመንከሱ በፊት አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተ፤ አንድ ዙር ስንጨምርለት ደግሞ ነክሶ አልለቅ አለ። 8 ሚሊ ሜትሩን ባለ 24 ዘለላው ላይ ስንጠመጥም ወዲያው ያዘ። በነጠላ ገመድ ሙሉ ክብደት ስለሚያርፍበት ከቋጠሮው በላይ ሰበቃውን የሚጋራ ብረት መጨመር ግድ ነው፤ ያለዚያ ወጪው ለመውረድ ቋጠሮውን በጉልበት ሲታገል ይውላል።

ወጣቱ ከቋጠሮ ይልቅ የሚወደው መካኒካል መሣሪያም ነበረው። በላዩ የተቀረጸው ከ11.5 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ለሆነ ገመድ እንደሆነ ነው። እሱ ራሱ ያቀረበው 11 ሚሊ ሜትር ገመድ በገዛ መሣሪያው ላይ የማይፈቀድ መሆኑን ያነበብነው በክርክሩ ማለቂያ ላይ ነው፤ ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ጭምር።

ስለ ሙቀት ባጭሩ ልለፍ። ፈጥኖ የሚወርድ ሰው ቋጠሮውንና ልባሱን ያግላል። ፖሊስተር 255 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሲቀልጥ አንዳንዱ ናይለን በ220 ይቀልጣል፤ እጅግ ቀላልና ጠንካራ የሚባለው የፖሊኢትሊን ክር ግን 150 እንኳ ሳይደርስ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ለመጠምጠሚያ አይሆንም። አራሚድ ከተባለ ሙቀት የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ልባስ ያለው መጠምጠሚያ የተመረጠው አራሚድ ስለማይቀልጥ ነው። በተጨማሪም ናይለን ሲረጥብ ከጉልበቱ ከአሥር እጅ አንድ ያህል ያጣል፤ ፖሊስተር ይህ ችግር የለበትም።

ባለ 16 ዘለላው ገመድ በእነዚህ ሁሉ መካከል ክፉ ሆኖ አልተገኘም። ለእጅ የሚመች ነው፤ ጫፉን በእጅ ፈትሎ ዐይን (ቀለበት) ማበጀት ይቻላል፤ በድርብ ለሚወጣ ሰው ዛሬም እመርጥለታለሁ። በነጠላ ሲወጣበት ግን ሙሉው ክብደት በአንድ ወገን ስለሚያርፍ ከባለ 24 ዘለላው የበለጠ ተለጠጠ፤ ቋጠሮው ሥርም ተጨፍልቆ ቅርጹን አጣ። አንጋፋው አንዴ ወጥተው ወረዱና ናሙናውን ራሳቸው ጠቅልለው መለሱት።

ርዝመቱ

ለገዢ ቀላል የሚመስለው ርዝመት እኛን ግማሽ ቀን ወሰደብን። 22 ሜትር ወደ ላይ፣ 22 ሜትር ወደ ታች 44 ነው፤ ስለዚህ 45 ሜትር ይበቃል ብለን ልናልፈው ነበር። ከታች ለማውረድ ግን ወጪው ጫፍ ላይ ሳለ ከግንዱ ሥር የሚለቀቅ ሌላ 22 ሜትር ያስፈልጋል። ይህ 66 ሜትር ይሆናል። ለማሰሪያው፣ ለማውረጃው ብረትና ለጫፍ ቋጠሮው ሁለት ሜትር ስንጨምር 68 ደረሰ። የጫፍ ቋጠሮን እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩ አሉ፤ ከገመድ ጫፍ ተንሸራትቶ መውደቅን የሚከለክለው እርሱ ብቻ ነው። አዲስ ገመድ በውኃ ተነክሮ ሲደርቅ በጥቂት ከመቶ ስለሚያጥር ከጥቅሉ 72 ሜትር አስቆረጥን። ክብደቱ ሰባት ኪሎ ገደማ ነው፤ በነጠላ ዘዴ ግን ትርፉ ከግንዱ ሥር በከረጢት ስለሚቀመጥ ወጪው አይሸከመውም። ሁለት አጫጭር ገመዶችን ቀጥለን እንጠቀም የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ መቀጠያው ቋጠሮ በማውረጃው ብረት ውስጥ ስለማያልፍ፣ ሰው ሲወርድ መካከል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ቀለሙን ወጪዎቹ መረጡ፤ ደማቅ ብርቱካናማ። አሮጌው ከቅጠል ጋር የሚመሳሰል አረንጓዴ ነበር፤ መጋዙ የነካው በዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከተገዛ በኋላ

ገመዱን ለብ ባለ ውኃ ነክረን ጥላ ሥር አደረቅነው፤ ስንለካው 71.2 ሜትር ሆኖ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልባሱ ሙልጭልጭ ስለነበር ቋጠሮው አንድ ተጨማሪ ዙር ጠየቀ፤ በሦስተኛው ሳምንት ልባሱ ትንሽ ሲሸክር ያው ዙር አላስፈላጊ ሆኖ ተቀነሰ። በሁለተኛው ወር ከግንዱ ሥር የማውረድን ልምምድ አደረግን፤ እኔ ታች ሆኜ አንጋፋውን ከ20 ሜትር በላይ አወረድኳቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ገመዱ በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ተወትፎ መሬት ሳይደርሱ ስላቆማቸው፣ ገመዱ ከባላው በቀር ምንም ሳይነካ እንዲወርድ አድርጎ መስቀል ከዚያ ወዲህ ከመውጣት በፊት የሚረጋገጥ ነገር ሆነ።

በአራተኛው ወር ምርመራ ልባሱ በልቡ ላይ እየተንሸራተተ ጫፉ ላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ልባስ ተጠራቅሞ አገኘሁ። ሌላው አካሉ ደህና ነበር። ባዶውን ክፍል ከነትንሽ ጤናማው ቆርጬ ጫፉን በሙቀት አሸግኩት፤ እንደገና ለካሁት፤ መለያውም ላይ 71.2 የሚለውን ሰርዤ 71.0 ብዬ ጻፍኩ። ከሚያስፈልገን 68 ሜትር በላይ ሦስት ሜትር ይቀራል።